የአያሌው ጂፕ ሮዳጅ

ነጭ ጋዝ ሲሸተኝ ሆዴ ይባባል። ሌላው ሰው በአሪቲና በአደስ ሽታ ልጅነቱን ያስታውሳል፤ እኔን የሚያባባኝ ግን ነጭ ጋዝ ነው። ምን ላድርግ፣ ከመኪና ሰው ጋር ኖሬ አረጀሁ። ሰሞኑን ልጄ ደሳለኝ የአባቱን የድሮ ጂፕ ሞተር አውርዶ፣ ከጓሯችን ባለው የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ ዕቃውን እየፈታ በነጭ ጋዝ ሲያጥብ ይውላል። እኔም ከዘራዬን ይዤ እወጣና በሩ አጠገብ ዱካ ላይ እቀመጣለሁ። ሥራውን ላይ የመጣሁ እመስላለሁ እንጂ የምመጣውስ ለማሽተት ነው። ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ እንዲህ ፎቅ ሳይበቅልባት በፊት የነበረችው የእስቴ ከተማችን መካነ ኢየሱስ ትመጣልኛለች። መኪና ማቆሚያው ገና ሣር ያለበት ሜዳ ነበር። ከሜዳው ጥግ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ፣ ከሥሩ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና የዘረጋ ልብስ ሰፊ፣ ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ ቤንዚን በቆርቆሮ የሚሸጡ ሴትዮ፣ ከእሳቸው ማዶ ደግሞ ሬዲዮ ያለው ሻይ ቤት። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ሬዲዮ መስማት በነጻ። ሰው አንዲት ሻይ ይዞ ዘፈን ሲሰማ ያረፍድ ነበር፤ ባለ ሻይ ቤቱም ተነሥ አይል። የአያሌው ጂፕ የምትቆመው እዚያ ባሕር ዛፍ ሥር ነበር።

አያሌው ባለቤቴ ነው፤ ነፍሱን ይማርና ካለፈ ዓመታት ተቆጠሩ። ያኔ ካኪ ኮት፣ ከታች ሰፋ ያለ ሱሪና ነጭ ሸራ ጫማ ያደርግ ነበር። ዘይትና ግራሶ ሲነካ የሚውል ሰው ነጭ ጫማ ማድረጉ ምን ይሉታል? ግን ያደርግ ነበር፤ አንድም ቀን ጠብታ ዘይት አላየሁበትም። ጠጉሩን አጎፍሮ፣ ሚዶውን ከደረት ኪሱ ሰክቶ፣ አርብ አርብ ወደ እኛ አገር ጋይንት፣ ወደ አርብ ገበያ ሲመጣ፣ እኛ የትምህርት ቤት ልጃገረዶች ጨውና ሳሙና ልንገዛ የወጣን እየመሰልን ጂፒቱን እንዞራት ነበር። ጨው ስንት ጊዜ ይገዛል? እናቴ እንኳ አንድ ቀን፣ «ይህ ሁሉ ጨው ለከብት ነው?» ብላኛለች። አሁን ሳስበው በዚያ ዕድሜዬ ያየሁት እሱን ይሁን ጫማውን አላውቅም።

ደሳለኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እማዬ፣ ባሕር ዳር ሙሉ ሞተር ተገኘ እኮ» አለኝ ባለፈው ሳምንት። «ያገለገለ ነው እንጂ ደህና ነው አሉ። አምጥቶ መግጠም፣ ማስነሣት፣ በቃ።»

«ፒስተኑስ?» አልኩት።

«ፒስተኑም አለ። ፎቶውን በስልክ ልከውልኛል። ግን አዲስ ፒስተን ማለት ብሎኩን ቶርኖ ቤት ወስዶ ውስጡን ማስጠረብ ነው፤ ፋሻ አለ፣ ማሸጊያው ጓርኒሲዮን አለ። ያ ሁሉ አልቆ ደግሞ ሮዳጅ! በዚህ ዘመን ማን ቁጭ ብሎ እንደ ኤሊ ይነዳል?»

ሮዳጅ ለማታውቁ ልንገራችሁ። አዲስ ፒስተን የገባለት ሞተር፣ ፒስተኑና የሚመላለስበት ሲሊንደር እስኪላመዱ ድረስ ቀስ ተብሎ፣ ጭነት ሳይበዛበት፣ ሳይጋለብ ይነዳል። ከቸኮሉበት ይግላል፣ ይፋፋቃል፣ ልፋቱ ሁሉ ገደል ይገባል። ያገለገለ ሞተር ግን ሮዳጁን ድሮ ጨርሶታል፤ ገጥሞ መጋለብ ነው። ደሳለኝም የፈለገው ይህንኑ ነው። እኔ ደግሞ የፈለግኩት ሮዳጁን ነው፤ የፈለግኩበትም ምክንያት አለኝ።

ምክንያቴ የልጅ ልጄ፣ የደሳለኝ ልጅ ሰላም ናት። እናቷ በልጅነቷ ሞታባት በእኔ እጅ ነው ያደገችው። ደሳለኝ ኮሌጅ ገብታ ተመርቃ እንድትመጣ ነበር ሐሳቡ፤ እሷ ትምህርቷን ሳትጨርስ፣ ሽማግሌም ሳይላክ፣ ነፋስ መውጫ ከአንድ የባጃጅ ሹፌር ጋር ጎጆ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደሳለኝ ስሟን መጥራት አቆመ። የጂፕ ሹፌር ልጅ የባጃጅ ሹፌር ሲንቅ አያሳፍርም? ቢያሳፍርም አልሰማኝም። አሁን ልጅቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ቀኗ ተቃርቧል። በእኛ አገር ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን የምትወልደው ከእናቷ ቤት ነው፤ የእሷ እናት ቤት ደግሞ የእኔ ቤት ነው። በስልክ፣ «አያቴ፣ አባቴ ሳይጠራኝ አልመጣም፤ እዚሁ እወልዳለሁ» ትለኛለች። ልጄ ልጁን እንዲያመጣልኝ እፈልጋለሁ፤ በአውቶቡስ እየተንገጫገጨች ሳይሆን ቀስ ብላ። ይህን በአፌ ብናገር ተነሥቶ እንደሚወጣ ስለማውቅ ስለ ፒስተን አወራዋለሁ።

«አባትህ ፒስተን በስልክ አይመርጥም ነበር» አልኩት።

«በዚያ ዘመን ስልክ የት ነበርና?» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው።

አያሌው ፒስተን ሲመርጥ ያየሁት በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ነው። ተጋባን ስል ሠርግ የነበረን እንዳይመስላችሁ። አንድ አርብ ገበያው ሳይፈታ ነጠላዬን አጣፍቼ ጂፒቱ ላይ ወጣሁ፣ አያሌውም ነዳ፤ ሠርጌ ይኸው ነበር። እናቴ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ለአንድ ዲያቆን ቤተሰብ ልጄን እሰጣለሁ ብላ ቃል ገብታ ነበርና የእኔ መጥፋት በአገሩ ፊት ቃለ አባይ አደረጋት። አያሌው ሽማግሌ ቢልክባት ቁሙም ተቀመጡም ሳትል መለሰቻቸው። ደግሞ ላከ፤ ደግማ መለሰች። እኔ በዚህ በእስቴ ደሳለኝን አርግዤ፣ የመጀመሪያ ልጄን ከእናቴ ቤት ሳልወልድ ልቀር ነው እያልኩ ጎረቤት ሳይሰማኝ አለቅስ ነበር። አያሌው ማልቀሴን ያውቃል። ሄዶ የጂፒቱን ሞተር አወረደ።

ጂፒቱ ዘይት መብላት ጀምራ፣ ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ትለቅ ነበር፤ የስማዳን ዳገት ስትወጣማ ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ይቀድማታል። አያሌው ብሎኩን ጎንደር ወስዶ አስለካ፤ ሲሊንደሮቹ በመሐል ተበልተው ሰፍተዋል። ከፋብሪካው ልክ ሰፋ ያለ ፒስተን ያስፈልጋል አሉት። አንድ ከረጢት ሙሉ ፒስተን ይዞ ሲመለስ እኔ ሽንብራ የገዛልኝ መስሎኝ ነበር። ባለ መደብሩ የሚያምነው ሰው ስለሆነ፣ መርጠህ የተረፈውን መልስ ብሎ ሰጥቶታል። መደቡ ላይ ነጠላ አንጥፎ ደረደራቸው። አዲስ ፒስተን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደ ብር ያበራል። እያንዳንዱን በክር አንጠልጥሎ በጥፍሩ ይመታና ጆሮውን ይሰጣል። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠው ወደ ቀኝ፣ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠው ወደ ግራ። «ስንጥቅ ያለበት አይዘፍንም» ይለኛል።

ከዚያ ወደ ቅቤ ነጋዴዋ ወደ እመት አልጋነሽ ሄድን። እመት አልጋነሽ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ነበራቸው፤ አያሌው አንዱን ፒስተን ባንዱ ሳህን፣ ሌላውን በሌላው ያስቀምጣል፤ በቀለለው በኩል ምስር ይጨምርበታል። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው፣ ልጄ?» አሉት እመት አልጋነሽ፣ ቅቤ የያዘ እጃቸውን ወደ ላይ እንዳነሡ።

«ፒስተን ነው፣ እትዬ። አብረው የሚሠሩት ሁሉ እኩል መመዘን አለባቸው። አንዱ ከከበደ ሞተሩን ያንቀጠቅጠዋል።»

«እንደ በሬ ጥማድ በለኛ!»

«እንደዚያው ነው።»

ከብዶ የተገኘውን ቤት ወስዶ ከውስጡ በሞረድ ላስ ላስ ያደርገውና ሊያስመዝን ይመለሳል። ሚዛኑ ላይ የቀረው የቅቤ ወዝ እንኳ ያሳስበው ስለነበር ሳህኑን በነጭ ጋዝ አጠበው፤ እመት አልጋነሽም ቅቤዬ ጋዝ ጋዝ ሸተተብኝ ብለው ወር ሙሉ አኮረፉት። ቀለበት የሚመስሉትን ፋሻዎች ደግሞ ፒስተኑ ላይ ሲያለብስ ትንፋሹን ይይዝ ነበር፤ ፋሻ ሲከፍቱት ካላወቁበት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። የተሰነጠቀው አፋቸው ባንድ መስመር እንዳይገጥም እያዟዟረ አስተካከላቸው። እኔ እግሬን ዘርግቼ፣ ሆዴን ይዤ አየዋለሁ። ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው እኔንም አይጥለኝም ብዬ አሰብኩ፤ አልጣለኝምም።

ያ ዘመን በመኪና ሰዎች ዘንድ አንድ ደግ ልማድ ነበረው፤ ቢያንስ በእኛ በኩል። ሮዳጅ ላይ ያለ መኪና ስለማይጫንና ስለማይጋለብ፣ የመጀመሪያው ጉዞ ለሽማግሌ ይሰጣል። አጥንቱ መንገጫገጭ የማይችል፣ ዘመድ ቤት ወይም ንግሥ መሄድ እየፈለገ አቅም ያጣ ሽማግሌ ያለ ክፍያ ይሳፈራል፤ መኪናውንም ይመርቃል። አያሌውም ለጋይንቷ ቤተ ልሔም ንግሥ መሄድ የሚፈልጉ ሦስት አባቶች አገኘ። አንደኛው የቅኔ መምህር መሪጌታ ናቸው፤ ወደ ማርጀቱ ነበሩ። «ንግሡን ካነገሥን በኋላ ከዚያው አለፍ ብለን የባለቤቴን እናት ያስታርቁኛል» ብሎ ጉልበታቸውን ሳማቸው። «እናስታርቅሃለን» አሉት። እኔንም ከፊት አስቀመጠኝ።

አቤት ያ ጉዞ! እስከ ዛሬ በሕልሜ እሄደዋለሁ። ከደብረ ታቦር አልፈን ወደ ጋይንት ስናዘግም ወፍ ሁሉ እየቆመ የሚያየን ይመስለኝ ነበር። የገብሱ ማሳ ወርቅማ ሆኖ ወደ ገደሉ ይወርዳል፤ ነፋሱ ሲነካው ይተኛል፣ መልሶ ይነሣል። በፈጣን መኪና ሳልፍ አይቼው የማላውቀውን ሁሉ አየሁ። ገበሬው ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ «ምነው፣ ታመመች እንዴ?» ብሎ ይጠይቀናል፤ አያሌው፣ «ሮዳጅ ናት!» ይላል፤ ገበሬው ምንም ሳይገባው፣ «እግዜር ይማራት» ይላል። አባቶች ከኋላ ሆነው የእርቁን ንግግር ያጠናሉ፤ አንደኛው እናቴን ሆነው እምቢ ይላሉ፣ ሌላው ይለምናሉ። አያሌው ሞተሩን እያዳመጠ ለብቻው ያንጎራጉራል። አሁን በዚህ መንገድ የሚበሩት ሚኒባሶች ውስጥ የተቀመጠ ሰው፣ ስልኩን አጎንብሶ እያየ፣ ጋይንትን ሳያያት ጋይንት ይደርሳል።

ንግሡ አለፈ፤ በማግስቱ ጠዋት ወደ እናቴ መንደር አመራን። መንደራችን ከአርብ ገበያ ወዲህ ነው። መሪጌታ ሲቆሙ አድረው ደክሟቸው ነበርና ከኋላ ጋደም ብለው፣ ለአቧራው ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ተከናነቡ። ሌሎቹ ሁለት አባቶች ነጭ በነጭ ለብሰው፣ መስቀላቸውን ይዘው ግራና ቀኝ ተቀመጡ። እኔም አቧራው እንዳያስለኝ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተሸፋፈንኩ። ምን እንደምንመስል ያሰበ ሰው አልነበረም። በዚያ አገር ደግሞ መኪና የሚያዘግመው ሬሳ ሲይዝ ብቻ ነው።

ከወንዙ ማዶ ውኃ የሚቀዱ ሴቶች አዩን። ጂፒቱን ያውቋታል፤ ጥሩን የወሰደች መኪና ናት። ጥሩ እኔ ነኝ። ያቺ ስትጋልብ የሚያውቋት መኪና ቀስ ብላ፣ ካህናት ተሳፍረው፣ በመካከላቸው የተከናነበ ሰው ተጋድሞ ሲያዩ ሌላ ምን ይበሉ? ነፍሰ ጡር መሆኔንም ሰምተዋል። አንዷ እንስራዋን ጥላ በአቋራጩ ሮጠች። እኛ በሮዳጅ ስንዞር መርዶው በእግሩ ቀድሞን ገባ።

መንደሩ ዳር ስንደርስ ዋይታ ሰማን። አያሌው ሞተሩ ያቃሰተ መስሎት ደንግጦ አጠፋው፤ ዋይታው ባሰ። «ማን ሞቶ ይሆን?» አሉ አንደኛው አባት፣ «እርቁን ለሌላ ቀን ብናደርገው ይሻላል።» አገሩ ሁሉ እየጎረፈ ይመጣል። አልቃሿ ከፊት ሆና፣

ሲወስድሽ በረረ አቧራ አስነሥቶ፣
ሲያመጣሽ አዘግሟል ጉልበቱ ተረትቶ።

ስትል ሰማሁ። ግጥሙ ደስ አለኝ! ለማን እንደሆነ ሳላውቅ ደስ አለኝ። ከሁሉ በፊት መቀነቷን ፈትታ፣ ራሷን ተገልጣ የምትሮጠው ግን እናቴ ነበረች። ወደ እኔ ሳታይ አለፈችኝ። ከኋላ ዘላ ወጥታ በተከናነቡት መሪጌታ ላይ ተደፋች።

«ልጄን! ልጄን! ሬሳሽን ካልሆነ አላይም ያልኩ፣ ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው! ቃሌ ገደለሽ!»

መሪጌታ ከእንቅልፋቸው ባነኑ። ጋቢያቸውን ገልጠው ጢማቸው ብቅ ሲል ከሕዝቡ ግማሹ አማትቦ ወደ ኋላ ሸሸ። «በስመ አብ! ማን ናት ይህች ሴት?» አሉ። እናቴ ጢሙን አየች፤ ዓይናቸውን አየች፤ አፏን ከፍታ ቀረች።

«እማ» አልኩ ከፊት ሆኜ።

ከጂፒቱ ወርዳ ወደ እኔ መጣች። እጇን ስታነሣ በጥፊ ልትለኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። እጇ ግን ፊቴን ዳሰሰኝ፤ ጉንጬን፣ ግንባሬን፣ አንገቴን፣ ከዚያ ወረደና ሆዴ ላይ አረፈ። «ትሞቂያለሽ» አለች። ደጋግማ፣ «ትሞቂያለሽ፣ ልጄ፣ ትሞቂያለሽ» እያለች መሬት ተቀመጠች። እኔም ወርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እንዲያ ሆነን አለቀስን። ሽማግሌዎቹ መንገድ ሙሉ ያጠኑትን ንግግር የሚናገሩበት አጥተው በየሆዳቸው ይዘውት ቀሩ።

እናቴ ፊቷን ጠርጋ ስትነሣ የድሮዋ እናቴ ሆና ነበር። ለማኅበር የጠመቀችው ጠላ እቤት አለ። «ለቅሶ የወጣ ሰው ባዶ ሆዱን አይመለስም፤ ግቡ!» አለች ሕዝቡን። አያሌው ጂፒቱን ከፍቶ የራዲያተር ውኃ የሚያይ መስሎ አንገቱን ቀብሮ ቆሟል፤ ያ ነጭ ጫማው አቧራ ለብሷል። «አንተስ፣ ብረት ስታይ ልትውል ነው? ግባ እንጂ!» አለችው። ያቺው አልቃሽ ከበሮ አንሥታ የሙሽራ ዘፈን ጀመረች፤ ለእኔ ለቅሶ የመጣ አገር በሙሉ በሠርጌ ጨፈረ። መሪጌታ ሞተው የተነሡ ናቸውና ከሁሉ የበለጠ ጠጡ። ሰው ሲወጣ እናቴ እግሬን እያጠበችኝ፣ ቀና ሳትል፣ «መርዶሽ እስኪመጣ የጠበቅኩት ምን አገኝ ብዬ ነው?» አለችኝ። ደሳለኝን የወለድኩት እዚያው እሷ መደብ ላይ ነው።

ይህን ታሪክ ደሳለኝ ከአባቱ አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቶታል፤ አያሌው ግን የሚያወራው ፒስተኑንና የመሪጌታን ጢም ነው። እናቴ እግሬን እያጠበች ያለችኝን እሱም አልሰማው፤ እኔም ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት ጋራዡ በር ላይ ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ ለልጄ ነገርኩት። ሲያጥብ የነበረውን ዕቃ ከነጭ ጋዙ ሳያወጣው ብዙ ቆየ። በማግስቱ ብሎኩን ጭኖ ወደ ቶርኖ ቤት ሄደ፤ ሲመለስ ፒስተኖቹን በካርቶን ይዟል። ቅቤ ቤት ወስዶ ቁጥር በሚያሳየው ሚዛን እያገላበጠ መዘናቸው አሉኝ። አንዱን ደግሞ፣ ማንም የማያየው መስሎት፣ በክር አንጠልጥሎ ሲመታው አይቼዋለሁ።

ትናንት ሞተሩ ገባ፤ ዛሬ ጠዋት ተነሣች። ቀስ ያለ፣ የጠገበ ድምፅ አላት። ደሳለኝ ከዘራዬን አቀበለኝና አጠገቤ ቆመ፤ የሚያየው ሞተሩን ነው።

«ነፋስ መውጫ ድረስ፣ በሮዳጅ፣ መቼ ይደረሳል?» አለኝ።

እንዳይነቃብኝ ፊቴን አላንቀሳቀስኩም። «በጠዋት ከወጣን ከሰዓት በኋላ እንደርሳለን» አልኩት።

ኮፈኑን ዝቅ አድርጎ ዘጋ። እጁን ጠረገ፤ የተጠረገውን እጁን መልሶ ጠረገ። ስሟን ሊጠራ ጀምሮ ትቶት፣

«እንግዲያው አሁኑኑ ደውይላት፣ እማዬ» አለኝ። «ቀስ ብለን ስንመጣ ያየን ሰው ቀድሞ ሌላ ነገር እንዳይነግራት።»